በራሪውን አክንባሎ እንዴት እንመርምረው? የኤልያን መንኮራኩር ሌጎ ለምትገዙ

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ 8 ዓመት ሲሞላው የኤልያን (ከሌላ ዓለም የሚመጣ ፍጡር) መንኮራኩር ሌጎ ገዛሁለት። ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ልብ ይሰርቃል፤ ጥቁር ሰማይ፣ አረንጓዴ ጨረር፣ በጨረሩ ወደ ላይ እየተሳበች እግሯን የምታንፈራግጥ ላም። ልጁ ካርቶኑን አቅፎ አደረ። በማግስቱ ቁጭ ብለን ገጣጠምነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ጨርሰን ሊያበረው በአንድ እጁ ብድግ ሲያደርገው መንኮራኩሩ መሐል ለመሐል ተገመሰ። ግማሹ እጁ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ሶፋ ሥር ገባ። አላለቀሰም። «ይሄ እኮ አይበርም» አለና ባዶውን ካርቶን ይዞ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ የተጫወተው በካርቶኑ ነው።

እኔ ግን ተቃጠልኩ። ብሩም ብር ነው፣ ይበልጥ ያናደደኝ ግን መሸወዴ ነው። የገዛሁት ሥዕል አይቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኛንም፣ የጓደኞቼን ልጆችም መንኮራኩር እየገጣጠምኩ እያፈረስኩ የራሴን የምርመራ ዘዴ አበጀሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ይሄ ነገር ልጅ እጅ ላይ ይበራል ወይ? መደርደሪያ ላይ ማማሩ ለኔ ሁለተኛ ነው። ለገና ወይም ለትምህርት ቤት መዝጊያ ስጦታ ልትገዙ ካሰባችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. መጀመሪያ «ሌጎ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ

እኛ ጋ የጥርስ ሳሙና ሁሉ ኮልጌት እንደሆነው፣ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብም ሁሉ ሌጎ ነው። ሻጩም እንደዚያው ነው የሚጠራው። እውነተኛው ሌጎ ግን እ.ኤ.አ. በ1932 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የሌጎ ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ስሙም የመጣው «በደንብ ተጫወት» ከሚል የዴንማርክ አባባል ነው። ዛሬ የምናውቀው ጡብ የባለቤትነት መብት የተጠየቀበት በ1958 ሲሆን፣ የዚያን ዘመን ጡብ ብታገኙ ከዘንድሮው ጋር ይገጥማል።

መብቱ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። በ2010 ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት የጡቡ ቅርጽ ብቻውን የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ሌላ ኩባንያ ከሌጎ ጋር የሚገጥም ጡብ በራሱ ስም ቢሸጥ ፎርጅድ አይባልም። ፎርጅድ የሚባለው የሌጎን ስም፣ ካርቶንና ንድፍ እንዳለ ገልብጦ የሚሸጠው ነው። አንድ ፊደል ቀይሮ፣ ያንኑ ቀይ አራት ማዕዘን ተጠቅሞ የሚመጣ አለ፤ ከሩቅ ስታዩት ያሳስታል።

ስለዚህ መርካቶም ሂዱ ፒያሳ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ሦስት ዓይነት ነው፦ ኦሪጅናል ሌጎ፣ በራሱ ስም የሚሸጥ ገጣሚ ጡብ፣ እና ፎርጅድ። ሁለተኛውን አትናቁት፣ ጥሩ ጥሩ አለው። ለመለየት ጡቡን አንዱን አውጥታችሁ ከላይ ያሉትን ክብ ጉጦች ተመልከቱ። የኦሪጅናሉ ጉጥ ላይ፣ እያንዳንዱ ላይ ማለት ይቻላል፣ ስሙ ተቀርጿል። በጥፍራችሁ ብትዳስሱት ይሰማችኋል። ባዶ ጉጥ ይዞ «ኦሪጅናል» ከተባላችሁ ሳቅ በሉና ዋጋውን ቀንሱ።

2. ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን አንብቡ

ሥዕሉን ለልጁ ተዉለት። እናንተ ጎኑንና ጀርባውን እዩ።

የቁርጥራጩን ብዛት ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። ዋጋውን ለብዛቱ አካፍሉ፤ ለምሳሌ 400 ቁርጥራጭ ያለውን በ6,000 ብር ቢሏችሁ አንዱ 15 ብር ሆነ ማለት ነው። 250 ቁርጥራጭ በ5,000 ብር ከሆነ ደግሞ አንዱ 20 ብር ነው፤ ካርቶኑ ርካሽ መስሎ ቁርጥራጩ ግን ተወደደ። ይሄ ስሌት መነሻ ይሁናችሁ እንጂ አትመኑበት፣ ምክንያቱም የጠፈር ነገር ላይ ማጭበርበር ቀላል ነው። መብራት ነው፣ ቁልፍ ነው፣ ጨረር ነው እያሉ ምስር የሚያካክል ቁርጥራጭ ሞልተው ቁጥሩን ያሳድጉታል። ከቁጥሩ ጎን ክብደቱንም በእጃችሁ ለኩት። ስምንት ጉጥ ያለው መደበኛ የሌጎ ጡብ 2.3 ግራም ገደማ ነው፤ 400 ቁርጥራጭ የተባለ ካርቶን እንደ ባዶ ብስኩት ካርቶን ቀሎ ከተሰማችሁ የተሞላው በምስር ነው።

ለማወዳደር ያህል፣ ሌጎ በ2011 ያወጣው «ኤልያን ኮንኩዌስት» የሚባል ተከታታይ ውስጥ የነበረው ክብ እናት መንኮራኩር 416 ቁርጥራጭ ነበረው። በ2022 ኩባንያው 90 ዓመት ሲሞላው ያወጣው ትልቁ የጠፈር መርከብ ደግሞ 1,254። የመጀመሪያው ለልጅ እጅ የሚሆን ነው፣ ሁለተኛው ለአዋቂ። ካርቶን ላይ «ትልቅ» የሚል ሥዕል ስታዩ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስቡ።

ዕድሜውን እዩ። በክብ ውስጥ የተከፋ የሕፃን ፊትና 0-3 የሚል ጽሑፍ ተሰርዞ ካያችሁ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምንገዛለትን ልጅ ዕድሜ ብቻ ነው የምናስበው፤ ቤት ውስጥ የሚድኸውን ታናሽ ወንድሙን እንረሳዋለን። ቤት የቀረ የሶፍት ካርቶን ቱቦ አለ አይደል? በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሕፃን ሊያንቀው ይችላል። የኤልያን ጭንቅላት ያልፋል። የኤልያኑ ሽጉጥማ አስር ጊዜ ያልፋል።

መብራትና ድምፅ ካለው ባትሪው የት እንዳለ ጠይቁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የሰዓት ባትሪ የምንላት ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር መሆን አለበት። በጥፍር ተጎትቶ የሚከፈት ከሆነ ምንም ያህል ቢያምር መልሱት። ማግኔት ያለውም እንደዚያው ነው፤ ሁለት ትንንሽ ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ ስለሚሳሳቡ ሆስፒታል ያስገባል።

ከሻጩ ጋር ስታወሩ ክርክር አትጀምሩ፣ ናሙና ጠይቁ። የኔ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ነው።

«ወንድሜ፣ የተከፈተ አለህ?»

«ኧረ ኦሪጅናል ነው፣ አትጠራጠር።»

«አልተጠራጠርኩም። ላየው ብዬ ነው።»

«ከተከፈተ ማን ይገዛኛል?»

«እሺ፣ ከጎደለው ትመልስልኛለህ?»

መልሱ እዚህ ላይ ይታወቃል። ዓይኑን ሳይሰብር «አምጣው፣ እቀይርልሃለሁ» ካለ ስልኩን ተቀብላችሁ ደረሰኙን ያዙ። «ቻይና ነው የቆጠረው፣ እኔ አልቆጠርኩም» ካለ (እውነትም እንደዚህ ተብያለሁ) የጎደለው የናንተ ዕዳ ነው፣ ዋጋው ላይ አስቡት። ካርቶኑንም ዙሪያውን እዩት። ክረምት ላይ ውሃ የነካው ካርቶን ውስጡ ያለውን የአገጣጠም መጽሐፍ አጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቴ የተለጠፈ ፕላስተር ካለው ተከፍቷል ማለት ነው።

3. ቤት ስትደርሱ ዘርግፋችሁ አትጀምሩ

ልጁ ይቸኩላል። እናንተ ትሪ አምጡ። ሰፌድ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ ግን ትንንሾቹ ስፌቱ መሐል ይሰነቀራሉ፤ የቡና ትሪ ጠርዝ ስላለው ይበልጣል። ላስቲኮቹ ቁጥር ካላቸው አንድ በአንድ ክፈቱ፣ 1ን ሳትጨርሱ 2ን አትንኩ። ቁጥር ከሌላቸው ሁሉንም ዘርግፉና ለዩ።

ስትለዩ በቀለም አትለዩ። ሁላችንም መጀመሪያ የምናደርገው ያንን ነው፤ አረንጓዴ እዚህ፣ ጥቁር እዚያ። ጥቁሩ ክምር ውስጥ ግን አንዲት ባለ ሁለት ጉጥ ጥቁር ስስ ጡብ መፈለግ ጤፍ ውስጥ አሸዋ እንደ መልቀም ነው። በቅርጽ ለዩ። ዓይን ቀለምን ከርቀት ይለያል፣ ቅርጽን ግን ፈልጎ ነው የሚያገኘው። ስሱን ከስሱ፣ ወፍራሙን ከወፍራሙ፣ ማጠፊያ ያለውን ለብቻ፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ለብቻ። ከዚያ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የቁርጥራጭ ዝርዝር ካለ ትልልቆቹን ብቻ ቁጠሩ። የመስታወቱ ክዳን፣ የክቡ ቅስቶች፣ እግሮቹ፣ ሰዎቹ። ምስሩን አትቁጠሩ፣ ዕድሜ አይበቃም፤ ኦሪጅናሉ ላይ ደግሞ ከነዚህ ጥቂቶቹ ሆን ተብሎ በትርፍ ይገባሉ። ከመጀመራችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ሱቁ ጋ ስትመለሱ የሚናገርላችሁ ፎቶው ነው።

4. ጡቡን ፈትኑ

ይሄ 5 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ግን የኔን ጉድ ያስቀርልኝ የነበረው ይሄ ነው።

ሦስት ስስ ጡብ ደርቡ። አጠገቡ አንድ ወፍራም ጡብ አቁሙ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። በሌጎ ልኬት ወፍራሙ ጡብ 9.6 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፣ ስሱ 3.2፤ ሦስት ስስ አንድ ወፍራም ነው። ከአንድ ጉጥ መሐል እስከሚቀጥለው ጉጥ መሐል ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር። አሁን ጥፍራችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው አንሸራትቱ። ምንም ካልተሰማችሁ ጥሩ። ጥፍር የሚያደናቅፍ እርከን ካለ ግን ያቺ ፀጉር የምታህል ልዩነት አሥር ፎቅ ስትደርስ ክፍተት ትሆናለች፣ ክፍተቱም መንኮራኩሩን ያጣምመዋል። ያኛው የኔ መንኮራኩር በኋላ ስለካው ጥፍሬ ቆመ። ጥፍሬ!

ቀጥሎ ስምንት ወፍራም ጡብ ደርባችሁ ግንብ ሥሩ። ከታች ይዛችሁ አግድም አጋድሙት። ከዚያ ነቅነቅ አድርጉት። ቀጥ ብሎ ከቆየ ይይዛል። ከወገቡ ከታጠፈ ወይም አንዱ ከወደቀ አይይዝም። በተቃራኒው ደግሞ በጣም የሚይዝ አለ፤ ልጁ በጥርሱ ካልሆነ የማይለያየው። ሁለቱም ችግር ነው። ጥሩ ጡብ ሲገባ «ጠቅ» ይላል፣ ሲወጣ በሁለት ጣት ይወጣል። ጥርስ ይከልከል፣ ጡቡም ጥርሱም ይበላሻል። ኦሪጅናሉ ትልልቅ ካርቶኖች ውስጥ ብርቱካናማ ማላቀቂያ ይመጣል። ከሌለ ያገለገለ የስልክ ካርድ ይሠራል።

ሽታውንም አሽቱ። ሌጎ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ከፍታችሁት ክፍሉ እንደ አዲስ ሸራ ጫማ ከሸተተ መስኮት ከፍታችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱም ካልለቀቀ እኔ ለልጅ አልሰጥም። ጠርዙን በከንፈራችሁ ዳር ነካ አድርጉት፣ ከጣት ይልቅ ከንፈር ያውቃል። የሚቧጭር ከሆነ ሲቆረጥ የቀረ ትርፍ ጫፍ አለው።

5. ስትገጣጥሙ ዓይናችሁ መሐሉ ላይ ይሁን

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። የኤልያን መንኮራኩር ከሮኬትና ከሌላ የጠፈር መርከብ የሚለየው ክብ መሆኑ ነው። ሮኬት ቀላል ነው፣ ጡብ በጡብ ላይ እየደረባችሁ ወደ ላይ ነው። ክብ ነገር ከአራት ማዕዘን ጡብ መሥራት ግን ሌላ ጣጣ ነው። እናቶቻችን ምጣድ ላይ የሚደፉትን አክንባሎ አስቡት። መሐሉ ከፍ ያለ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ፣ ዙሪያው ክብ። በራሪ ሳህን የሚሉት ነገር አክንባሎ ነው፣ ከላይ መያዣውም ሳይቀር አብራሪው የሚቀመጥበት የመስታወት ጉልላት ነው። አሁን ያንን አክንባሎ በብሎኬት ሥሩ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ?

ሠሪዎቹ ሦስት መንገድ አላቸው። አንደኛው ዙሪያውን እንደ ቂጣ ቆራርጦ መሥራት ነው፤ ስድስት ወይም ስምንት አንድ ዓይነት ቁራጮች ለየብቻ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ በማጠፊያ ከመሐሉ ጋር ታያይዛላችሁ። ሁለተኛው ትልልቅ የተቀረጹ ቅስቶችን መጠቀም ነው፤ አራት ቅስት አንድ ክብ። ሦስተኛው ደረጃ በደረጃ እያጠበቡ አራት ማዕዘኑን ክብ ማስመሰል ነው፤ ከሩቅ ክብ ይመስላል፣ ከቅርብ ደረጃ ነው።

የትኛውም ቢሆን ጭነቱ የሚያርፈው መሐል ላይ ነው። ስትገጣጥሙ መሐሉን የሚያቋርጥ ረጅም ጡብ መኖሩን እዩ። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ፣ በዚያ ላይ ከፊት ወደ ኋላ አንድ፣ እንደ መስቀል። ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር መጋጠሚያውን ከላይ ባለው ብሎኬት እንደሚሸፍነው፣ እዚህም የታችኛው መጋጠሚያ ከላይ በሌላ ጡብ መታሰር አለበት። ፒያሳ የገዛሁት ላይ ሁለቱ ግማሾች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከላይ ያያያዛቸው አንድ ባለ ሁለት ጉጥ ስስ ጡብ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ አረንጓዴ አክንባሎ በሁለት ጉጥ! ስንሠራ ገብቶኝ ነበር ልበል? አልገባኝም። መጽሐፉን እየተከተልኩ ነበር።

ስለዚህ በየመሐሉ ቆም በሉ። ወለሉ ሲያልቅ አንሱትና ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ በቀስታ ጠምዘዝ አድርጉት፣ ካልሲ እንደምትጨምቁ፣ ግን በቀስታ። ትንሽ መለጠጡ ያለ ነው። መሐሉ ላይ ክፍተት ተከፍቶ ከታች ያለው ትሪ ከታያችሁ ችግር አለ። አሁን ማስተካከል ይቀላል፤ ጣሪያው ከተከደነ በኋላ ልባችሁም እጃችሁም እምቢ ይላል።

ማጠፊያዎቹንም ፈትኑ። ከፍ ዝቅ ሲደረጉ «ቅጭ ቅጭ» እያሉ የሚቆሙ ማጠፊያዎች ክብደት ይይዛሉ። ልሙጥ የሆኑት ከጊዜ በኋላ ይላላሉ፣ ክንፉም እንደ ዝናብ ጃንጥላ ይወርዳል።

ስቲከር ካለ ለመጨረሻ አታቆዩት። ልጁ ይሰለቻል፣ እናንተም። ጡቡ ከመግባቱ በፊት በወረንጦ ይዛችሁ አንዱን ጠርዝ አስይዙ፣ ከዚያ ልቀቁት። ሥዕሉ ጡቡ ላይ የታተመ ከሆነ ግን በጣም ጥሩ ምልክት ነው፤ ስቲከር በእጅ ላብ ይነሳል፣ የታተመ አይነሳም። የጥራት ነጥብ ስሰጥ ለዚህ ብቻ ከፍ አደርጋለሁ።

6. የማብረር ፈተና

ገጣጠማችሁ። አሁን ልጁ ያንሳው። እናንተ አታንሱ፣ እጃችሁ ትልቅ ነው፣ ስትይዙትም በጥንቃቄ ነው። ልጅ በጥንቃቄ አይዝም።

በአንድ እጅ ያንሳው። የት ጋ እንደሚይዘው እዩ። ጥሩ የኤልያን መንኮራኩር ከሥሩ የእጅ ቦታ አለው፣ ወይም ጣቶች የሚገቡበት ክፍተት። ከሌለው ልጁ የሚይዘው ዳሩን ነው፣ ዳሩ ደግሞ በጣም ደካማው ቦታ ነው።

ከዚያ ከሳሎን እስከ በር ያብረው። ሦስት ጊዜ። «ዥዥዥ» ማለቱን ካልተዋችሁለት ፈተናው ልክ አይደለም፣ ምክንያቱም ድምፁን ሲያወጣ ነው የሚያጣምመው። በየዙሩ የወደቀውን ቁጠሩ። አንድ ሁለት ጌጥ ቢወድቅ ይሁን። ወሳኙ ልጁ ራሱ መጽሐፉን ሳያይ መልሶ ሊተክለው መቻሉ ነው። የወደቀው የት እንደነበር ካላወቀ መንኮራኩሩ በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል፤ በሦስተኛው ሳምንት ክንፉ ሶፋ ሥር፣ አፍንጫው የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው።

አራተኛው ዙር ማሳረፍ ነው። ምንጣፍ ላይ ከጉልበት ከፍታ በታች ልቀቁት። ኤልያንም አንዳንዴ ይሳሳታል። እግሮቹን እዩ። ሦስት እግር ካለው ደስ ይበላችሁ። ጉልቻ ሦስት የሆነው በከንቱ አይደለም፣ ሦስት ነገር መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይናጋም። አራት እግር ያለው መንኮራኩር ግን የድሮ ቤት ወለል ላይ፣ እንደኛ ቤት ዓይነቱ ላይ፣ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀራል።

በጨለማ የሚያበራ ቁርጥራጭ አለው ከተባለ በስልክ መብራት ሁለት ሦስት ደቂቃ አጥግቡትና መጋረጃ ዝጉ። ወይም መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ብዙም አያስጠብቅም። እኛ ቤት መብራት ጠፍቶ መንኮራኩሩ በጨለማው መሐል አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ያ ልጅ የተደሰተው ደስታ ካርቶኑን ሲከፍት እንኳን አልታየም።

7. ኤልያኑንም መርምሩት

ትንንሾቹ ሰዎች ለልጁ ከመርከቡ ይበልጣሉ። የሌጎ ሰው አሁን ባለው መልኩ የመጣው በ1978 ነው፣ ያኔ የወጡት ጠፈርተኞች ሁሉም ፈገግተኞች ነበሩ፣ መሣሪያም አልነበራቸውም። በራሪ ሳህን ከነኤልያኑ በደንብ የገባው በ1997 በወጣው «ዩፎ» በሚባል ተከታታይ ነው።

የኤልያኑን እጅ ሽጉጡን አስይዙት። ይይዛል? ቁጭ ይላል? መቀመጫው ላይ ሆኖ ክዳኑ ይዘጋል? ክዳኑ ጭንቅላቱን እየመታ የማይዘጋበት ስንት አይቻለሁ። ፊቱ የታተመ ነው ወይስ የተቀባ? በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ፈትጉት። ከጨርቁ ላይ ዓይኑ ከወጣ የተቀባ ነው።

አንድ ተጨማሪ፦ ለጨዋታው ቢያንስ ሁለት ወገን ያስፈልጋል። ኤልያን ብቻ ያለበት ካርቶን ልጁን ቶሎ ያሰለቻል። ኤልያንና ጠፈርተኛ፣ ወይም ኤልያንና ላም ቢሆን ጨዋታው ራሱን ያስኬዳል። የእህቴ ልጅ አሁን ኤልያኑን እንጦጦ ላይ ነው የሚያሳርፈው (እንጦጦው የትራስ ክምር ነው)። የኛ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ወደ ጠፈር መላኳን ነግሬው ስለነበር፣ ኤልያኑ የሚመጣው እሷን ሊሰርቅ ነው።

8. አፍርሱት

ይሄን ብዙ ሰው ይዘላል። ቢያንስ አንዴ ሙሉ በሙሉ አፍርሱትና ያለ መጽሐፍ ሌላ ነገር ሥሩ። ባለ ስምንት ጉጥ ስድስት ጡብ ብቻ፣ ሁሉም አንድ ቀለም፣ በ915,103,765 መንገድ እንደሚገጣጠም ተሰልቷል። ይሄ የሚሆነው ግን መደበኛ ጡብ ካለ ነው። ከመንኮራኩሩ ሌላ ምንም መሆን የማይችሉ ትልልቅ የተቀረጹ ቅስቶች የበዙበት ካርቶን ቶሎ ይገጣጠማል፣ ቶሎም ያበቃል። ከግማሽ በላይ ተራ ጡብና ስስ ጡብ ከሆነ ዛሬ መንኮራኩር፣ ነገ ሚኒባስ ነው። ኦሪጅናል ከሆነ የካርቶኑን ቁጥር ሪብሪከብል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ በዚያው ቁርጥራጭ ሰዎች የሠሯቸውን ሌሎች ነገሮች ታያላችሁ። መጽሐፉ ቢጠፋም ቁጥሩ ካለ ከሌጎ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። እኔ ቁጥሩን ከካርቶኑ ላይ ቆርጬ ዕቃው ውስጥ እከተዋለሁ።

9. ያገለገለ ከሆነ

ከውጭ የመጣ ዘመድ ልጆቹ ያደጉበትን በላስቲክ ያመጣል፣ ወይም አንዳንዱ ሰው ይሸጠዋል። ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ፎርጅድ ይበልጣል፣ እኔ በዚህ አልደራደርም። ነጩ ወደ ቢጫ ሄዶ ከሆነ ፀሐይ ነው ያደረገው፣ በሳሙና አይለቅም፣ ግን አይጎዳም፤ ዋጋ ማስቀነሻ ይሁናችሁ። ጥርስ የነከሰውን፣ የተሰነጠቀውን ለዩ። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ ከ40 ዲግሪ አይለፍ፣ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ፎጣ ላይ በጥላ ይድረቅ፤ ጓሮ ፀሐይ ላይ አታስጡት።

10. አስቀድማችሁ ከተሸወዳችሁ

መመለስ ካልተቻለ አትጣሉት። ያንን የተገመሰውን መንኮራኩር በኋላ አዳንነው። መጀመሪያ ጣሪያውን እስከ ወለሉ አነሳን። ከድሮ ሌጎ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ስስ ጡቦች ፈልገን መጋጠሚያውን ተሻግረው እንዲያርፉ፣ በየጎኑ ቢያንስ አራት አራት ጉጥ እንዲነክሱ አድርገን አሰርናቸው። ከሥሩም አንድ ሌላ በአግድም ጨመርን። ሲጠመዘዝ እንደማይከፈት ካየን በኋላ ጣሪያውን መለስነው። የላይኞቹ አንድ ፎቅ ስለጨመሩ የመስታወቱ ክዳን ትንሽ ከፍ አለ፣ ኤልያኑ ግን ጭንቅላቱ ነፃ ወጣ።

አረንጓዴ ጡብ አላገኘንም፣ ያለን ነጭ ነበር። አሁን መሐሉ ላይ ሁለት ነጭ መስመር እንደ ፋሻ ይታያል። ልጁ ለሚጠይቀው ሁሉ እንጦጦ ላይ ሲያርፍ ተመትቶ ነው ይላል።